የመጀመሪያ ጽሑፏ ሲነሣ

ልጃችሁ ወይም ታናሽ እህታችሁ ከትምህርት ቤት መልስ «ዊኪፔዲያ ላይ እንድንጽፍ ታዘዝን» ብትላችሁ፣ «እኔ ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቄ!» ብላችሁ አትለፏት። ዊኪፔዲያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ማንኛውም ሰው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። በእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩ፣ በአማርኛው ያሉት ገና ወደ 15 ሺህ ገደማ ናቸው።

የእህቴ ልጅ አያቷ ስለተወለዱባት ከተማ በሚናገረው ገጽ ላይ ሁለት አንቀጽ ጨምራ ነበር። ሦስት ማታ የደከመችበትን ጽሑፍ በማግስቱ ተነሥቶ አገኘችው። «ሁለተኛ አልነካውም» ብላ አኮረፈች። እኔም በአክስትነቴ ተቆጥቼ ነበር፤ ቀረብ ብለን ስናየው ግን ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኘ። የጻፈችው ሁሉ ከአያቷ የሰማችው ነው፤ ምንጭ የሚባል አንድም የለው። አያቷ ዋሽተዋል የሚል የለም። ነገር ግን ዊኪፔዲያ የሚቀበለው ታትሞ የወጣውን፣ ሌላው አንባቢም አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነው።

ይህ በትልልቆቹም ይደርሳል። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ ከመሆኗ ጥቂት ወራት በፊት ስለ እርሷ የቀረበው ረቂቅ፣ ምንጮቹ አይበቁም ተብሎ ተመልሷል። ገጿ የተከፈተው ሽልማቱ በተነገረ ዕለት ነው። (ስለ ሴቶች በየጋዜጣው የሚጻፈው ጥቂት ሲሆን ምንጩም ያጥራል፤ ይህን የምለው ለራሳችን ለጋዜጠኞቹ ጭምር ነው።)

እንግዲህ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ቁልፉን ግን እርሷ ትምታ። በመለማመጃው ገጽ ጥቂት ትሞክር፤ ከዚያ የፊደል ግድፈት ታርም፤ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከነምንጩ ታስገባ። ከመጽሐፍ ያገኘችውን በራሷ አነጋገር ትጻፈው እንጂ ቃል በቃል አትገልብጥ። ስትመዘገብ እውነተኛ ስሟን የመስጠት ግዴታ የለባትም፤ የቤት አድራሻና ስልክማ ፈጽሞ አታስገባ። የተነሣባት ጽሑፍ በገጹ «ታሪክ» ውስጥ ስለሚቆይ አልጠፋም፤ ያነሣውንም ሰው በውይይት ገጹ ላይ በጨዋ ቋንቋ ምክንያቱን ትጠይቀው። እዚህ ላይ የቢሮ ደብዳቤ ስትጽፉ የኖራችሁ እህቶች ከማንም ትበልጣላችሁ። ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁትን አሮጌ ጋዜጣና መጽሔትም አውጡላት።

የእህቴ ልጅ ለአንደኛው አንቀጽ የታሪክ መጽሐፍ አግኝታ ከነገጽ ቁጥሩ መልሳ አስገብታዋለች። ለሁለተኛው ገና ቤተ መጻሕፍት ትመላለሳለች። የአያቷን ጨዋታ ደግሞ እሑድ እሑድ በደብተር እየጻፈችው ነው።