ሦስት ዕድሜ ያለው ጎራዴ

መካነ ሰላም በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የዓባይ ሸለቆ፣ በሰሜን ምሥራቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሠዉበት መቅደላ፣ በምሥራቅ ደግሞ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የአድዋ ዘማች የከተተበት ወረኢሉ ይገኛል። የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች አድዋ የዘመቱት ከወሎ ተነሥተው ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል የተመታውም እኒሁ ሚካኤል ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ከወሎ ያስከተሉት ጦር ነበር።

እንዲህ ባለ አገር ከአያት የወረደ ጎራዴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ቢገኝ አያስገርምም። ባለቤቱ ሁለት ነገር ማወቅ ይፈልጋል፦ ስንት ዓመቱ ነው? ቢታደስስ ያዋጣል? ጉዳቱ የሚመጣው ከሁለተኛው ሲጀመር ነው። ጎራዴው ተፈትጎ፣ ተሞርዶና እጀታው ተቀይሮ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አብሮ ጠፍቷል።

ብረቱ፣ እጀታውና ሰገባው

የኢትዮጵያ ጎራዴ ብዙ ጊዜ አንድ ዕድሜ ብቻ አይኖረውም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ብዙው የጎራዴ ብረት ከአውሮፓ ይመጣ ነበር፤ ከታወቁት ምንጮች አንዷ የጀርመኗ ሶሊንገን ከተማ ናት። የለንደኑ ዊልኪንሰን ኩባንያም ለኢትዮጵያ ጎራዴ ሠርቷል። ለአውሮፓ ፈረሰኛ ተሠርተው በኋላ እዚህ የቀንድ እጀታና የቆዳ ሰገባ የተበጀላቸውም አሉ። ስለዚህ በአንድ ጎራዴ ላይ ብረቱ የቅድመ አያት፣ እጀታው የአያት፣ ሰገባው የአባት ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ለየብቻ መታየት አለባቸው።

ምርመራው ከብረቱ ይጀምራል። የፋብሪካ ሥራ ውፍረቱ የተመጠነ ነው፤ በርዝመቱ የሚወርድ ቦይ ካለውም ቦዩ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ እጀታው በሚጠጋው ክፍል የፋብሪካ ምልክት ሊገኝበት ይችላል። የአገር ባለ እጅ በወናፍና በከሰል አግሎ የቀጠቀጠው ግን የመዶሻው ዱካ አይጠፋበትም። ብረቱ በአገር ቤት ከድንጋይ የቀለጠ ከሆነ በማጉያ መነጽር ሲታይ በውስጡ የቀረው አረ ብረት በርዝመቱ ጥቁር መስመር ሠርቶ ይገኛል። በጣም ጎብጦ በሁለቱም ወገን የተሳለው፣ ከባላጋራ ጋሻ ጠርዝ አልፎ እንዲወጋ የታሰበው ሾተል ብዙ ጊዜ የአገር ባለ እጅ ሥራ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ሾተል ደግሞ የቱንም ያህል ቢያረጅ የአድዋ ሊሆን አይችልም፤ የመጀመሪያዋ መኪና ኢትዮጵያ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው።

ጽሑፍ ካለ ሥራው ይቀላል። ምኒልክን «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ብረት ከ1881 ዓ.ም. አይቀድምም፤ ከዚያ በፊት ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩና። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ከሆነ ከ1922 ዓ.ም. ወዲህ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መነሻውን እንጂ መድረሻውን አይነግርም። ዓመት ከተጻፈበትም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳታል።

እጀታው ጫፍ ላይ የተገጠመ ጠገራ ብር ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ብሩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ይነበባል፤ ባለቤቱም ጎራዴው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ይመስለዋል። ዓመቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ነው። ብሩ ከዚያ በኋላ በየዘመኑ ሲመታ ዓመቱ ሳይለወጥ ስለቀረ ለዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። የምኒልክ መልክ ያለበት ብር ይሻላል፤ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ነውና ከዚያ ወዲህ መገጠሙ ይታወቃል።

የእጀታው ቀንድ ዓይነትም ይመረመራል። የአውራሪስ ቀንድ መሐሉ ድፍን ነው፤ የተቆረጠበት ጫፍ በማጉያ ሲታይ ተጣብቆ እንደ ደረቀ ፀጉር ክሩ ይለያል። የበሬና የጎሽ ቀንድ ንብርብር ነው፤ ከሥሩም ክፍት ነው። ልዩነቱ በሕግም ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በአባልነት ያለችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ሳይቲስ፣ የአውራሪስ ቀንድን ዓለም አቀፍ ንግድ ያግዳል።

ሰገባው ደግሞ የታጣቂውን አኳኋን ያሳያል። የኢትዮጵያ ጦረኛ ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር፤ አውሮፓዊው በግራው። ቆዳው ከየትኛው ወገን እንደተፋቀና ማንገቻው የት እንደተሰፋ ሲታይ ሰገባው ለማን እንደተበጀ ይገመታል።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም

ዕድሜ ያጠቆረው፣ ሲዳሰስ ለስላሳና ጥብቅ የሆነ ዝገት ብረቱን አይበላም፤ እንዲያውም የዘመኑ ምስክር ነው። የሚያሰጋው ብርቱካናማ መልክ ያለው፣ ሲነካ የሚቦንን ወይም የሚላጥ ዝገት ነው። በደጋው ክረምት ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ብረቱም ሰገባው ውስጥ እንዳለ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ስለዚህ ሁለቱን ለያይቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ የመጀመሪያው ሕክምና ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ብረቱን በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ማበስና ቀጭን የማሽን ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃል። ቅቤና የምግብ ዘይት ሲቆዩ አሲድ ስለሚያወጡ አይሆኑም። ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞረድና ሎሚ ከናካቴው መቅረብ የለባቸውም። በፋብሪካ በአሲድ የተቀረጸ ጽሑፍ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ደቂቃ ቢታሽ የንጉሡ ስምም አብሮ የተቀረጸ የአንበሳ ምስልም ይጠፋሉ። የቀረው ብረት ያብረቀርቃል፤ ዘመኑን የሚያስረዳ ምልክት ግን አይቀርበትም።

በዚህ ነገር የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው ጃፓኖች ናቸው። የጃፓን ሰይፍ በልዩ ባለሙያ ይወለወላል፤ እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ግን ዝገቱ አይነካም። የዝገቱ መልክ፣ የሞረዱ ዱካና የሠሪው ፊርማ የዕድሜው ማስረጃዎች ስለሆኑ እሱን ማጽዳት ሰይፉን ማበላሸት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ሰይፎች ጥበቃ ማኅበርም ለሚመረምራቸው ሰይፎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ውልወላውም ቢሆን በየጊዜው ከብረቱ ጥቂት ስለሚቀንስ በዘፈቀደ አይደረግም።

እድሳት የሚያዋጣው ጥፋትን ሲያቆም ነው፦ እጀታው ላልቶ ብረቱ ሊወድቅ ሲል፣ የሰገባው ስፌት ሲተረተር፣ ዝገቱ ሲላጥ። አያት የቀየሩት እጀታ የጎራዴው ጉድለት አይደለም፤ ጎራዴው ተይዞ እንደኖረ፣ ተሰብሮ እንደተጠገነ የሚመሰክር የታሪኩ አካል ነው። በአዲስ ለመተካት ከመጣደፍ ያለውን ማጥበቅ ይሻላል፤ መቀየር ግድ ከሆነም የወጣው ቁራጭ አይጣልም። ሕጉም ጥንቃቄን ያዝዛል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው።

ያልተመዘገበ አይመለስም

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የዘረፉትን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጓቸው ነበር። ደላንታ ሜዳ ላይም ለሁለት ቀን ጨረታ አካሄዱ። ከመቅደላ የሄደ አንድ ጋሻ በ2016 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ ሲቀርብ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ስለተቃወመ ከሽያጭ ወጣ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። ጋሻው ላይ የመቅደላ ስምና ቀኑ ተቀርጾ ስለነበር ከየት እንደሄደ መከራከር አላስፈለገም። ስምም ቀንም የሌለበት ጎራዴ ግን በየትኛውም ገበያ ቢገኝ የእኔ ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲዘረፍ የቅርብ ዘመን ትውልድም የቅርስ ዝርፊያን በዓይኑ አይቷል።

ስለዚህ የመካነ ሰላም ባለ ጎራዴ ከሞረድ በፊት ወረቀት ያንሣ። ሙሉ ርዝመቱንና የብረቱን ስፋት በሴንቲ ሜትር ይለካ፤ ሁለቱንም ገጽ፣ ጽሑፉን፣ የእጀታውን ጫፍና ሰገባውን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሣ። ማን ከማን እንደወረሰው፣ የትኛው ዘመቻ ላይ ነበር እንደሚባል ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ይጻፍ፤ የተነገረውንና የታየውንም ይለይ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። አንዱን ቅጂ ከጎራዴው ጋር፣ ሌላውን ከቤት ውጭ በዘመድ እጅ ያኑር።