የማያንጠባጥብ ቀዳዳ

ዳገት ላይ ጉልበቱ ክድት የሚያደርግ፣ ዳር ይዞ ትንሽ ከቆመ በኋላ ግን ምንም እንዳልነካው ተነሥቶ የሚሄድ የዲዘል ቫን ጋራዥ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ያስነሣዋል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ በሙሉ ድምፁ ይመልሳል። ባለቤቱ «ትናንት እኮ አልወጣም ብሎኝ ነበር» እያለ ይምላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፍርድ በየአገሩ ተመሳሳይ ነው፦ «ፖምፓው ነው።» ፖምፓው ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ብዙ ገንዘብ ይከፈልበታል። መኪናው በሚቀጥለው ዳገት ላይ እንደገና ይቆማል።

ናፍጣውን ለሞተሩ የሚያድለው ፖምፓ የሚታማውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከእሱ በፊት፣ ከነዳጅ ታንኩ ተነሥቶ በመኪናው ሆድ ሥር አልፎ በፊልትሮው በኩል ወደ ፖምፓው በሚደርሰው ቀጭን መስመር ላይ ነው። ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ ርካሹም፣ የተናቀውም፣ ሳይመረመር የሚታለፈውም ይኸው መስመር ነው።

ችግሩን በደንብ የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ባለመኪኖች ናቸው። አንደኞቹ ቫናቸውን አልጋና ምድጃ ገጥመውለት ቤት ያደረጉት መንገደኞች ናቸው። የጀርመኑ ዌስትፋሊያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 የቮልስዋገንን ቫን ወደ መኝታ መኪና መለወጥ ከጀመረ ወዲህ ቁጥራቸው በአውሮፓ በጣም በዝቷል። ሁለተኞቹ የሚኒባስ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ሃይስ በጃፓንና በአውስትራሊያ የመዝናኛ ቤት ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «ዶልፊን»፣ «አባዱላ» እየተባለ ሕዝብ ያመላልሳል። የአንደኛው መኪና ወራት ሙሉ ቆሞ ይከርማል፣ የሌላው ከንጋት እስከ ምሽት አያርፍም። የሚታመሙት ግን በአንድ ቦታ ነው።

ስለ ሞተሩ አሠራር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዲዘል አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ ናፍጣ ይረጭበታል፣ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዘል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ አሠርቶ ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ጉልበት የሚጠፋበትን መንገድ መለየት ግን የባለቤቱ ሥራ ነው፤ መካኒኩ ዳገቱ ላይ አልነበረምና። ሞተሩ መብራት እንደጠፋ ያህል በቅጽበት ከተቋረጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤሌክትሪክ ነው። በቀድሞዎቹ ፖምፓዎች ላይ ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋ ባለ 12 ቮልት ሶሌኖይድ አለ። ሽቦው ከላላ መንገጫገጭ ብቻ ያጠፋዋል። ጉልበቱ እየቀነሰ ጥቁር ጭስ ከተከተለ ናፍጣ አለ፣ ያነሰው አየር ነው፤ የአየር ፊልትሮው፣ የቱርቦው ቱቦ ይታይ። ጭስ ሳይኖር ሞተሩ ቀስ እያለ ከደከመና ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦም መልስ ካጣ፣ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም። «ጉልበት አነሰው» ብቻ ብሎ ቁልፉን አስረክቦ የሚሄድ ሰው ከምርመራው ግማሹን ይዞት ሄዷል።

አሁን ወደ መስመሩ። በቀድሞዎቹ የዲዘል ቫኖች ታንክ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠሩት የቮልስዋገን ዲዘሎች ላይ የተገጠመው የቦሽ ፖምፓ በሆዱ ውስጥ ትንሽ መምጠጫ አለው፤ ናፍጣውን ከሜትሮች ርቀት የሚስበው እሱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያንሳል። ቱቦው አንድ ቦታ ላይ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። በተሰነጠቀ ስትሮ ሚሪንዳ የሚጠጣ ልጅ ጠብታ እንደማያፈስ፣ ወደ አፉ የሚመጣው ግን አረፋ እንደሚሆን ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባትሪ ይዞ ከመኪናው ሥር ይገባል፣ ቱቦውን በጣቱ ይዳብሳል፣ ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል፣ «አያፈስም» ብሎ ይወጣል። አለማፍሰሱ ስለ ጤንነቱ ምንም አይመሰክርም። ነዳጅ የሚያንጠባጥብ መስመር በዕለቱ ይጠገናል፤ አየር የሚስበው ግን ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ባለቤቱን ያስከፍላል።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ናፍጣው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ፖምፓው ብዙ መሳብ አይኖርበትም፤ በቀዳዳው የሚገባው አየርም ትንሽ ነው። ታንኩ ሲጎድል መሳቡ ይከብዳል፣ አየሩ ይበዛል። በዚህ ምክንያት መኪናው ሲሞላ ይድናል፣ ሲጎድል ይታመማል። ባለቤቱም «የእዚያኛው ማደያ ናፍጣ ተስማማው» ብሎ ይደመድማል፤ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ማደያ ሲያማርጥ ይከርማል።

ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ መስሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጭነት ሳይኖር የሚጮህ ሞተር የሚፈልገው ናፍጣ ትንሽ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ የተጫነ ሃይስ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ መልሶ መውጣት አለበት፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ፖምፓው ያለ ዕረፍት ይስባል። በዝግታ ሲሠራ አየር የማያስገባው ስንጥቅ የሚከፈተው ያኔ ነው። መኪናን አቁሞ ነዳጅ እየሰጡ «ይኸው ይሠራል» ማለት ምርመራ አይባልም። ያስቸገረው ዳገት ከሆነ መካኒኩን አሳፍሮ ዳገት መውጣት ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ፖምፓ «ይስባል» ቢባልም ናፍጣውን በመስመሩ ውስጥ የሚገፋው በታንኩ ላይ የሚያርፈው የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ያላስቸገረ ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ እንጦጦ ላይ ሊያቆም የሚችለው ለዚህ ነው። ቱርቦ የሌለው ዲዘል በከፍታ ላይ በአየር ማነስ ጉልበቱ መቀነሱ ሌላ ነገር ነው። ያ ቋሚ ነው፤ መጥቶ የሚሄድ አይደለም።

አየሩ የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ያረጁ የጎማ ቱቦዎች ጫፍ፣ የፊልትሮው ላስቲክ ቀለበት፣ በፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማፍሰሻ፣ በፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫነው መግፊያ። ይህ መግፊያ በውስጡ ስስ ላስቲክ አለው፤ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ሊያየው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ፊልትሮ ሲቀየር አሮጌውን ቀለበት መልሶ መግጠም፣ የላላ ቱቦ በሽቦ ጠምጥሞ መሸኘት መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሽቦ ናፍጣ ይይዝ ይሆናል፤ አየር አይከለክልም።

በሽታው እንዲታይ የሚያደርገው መሣሪያ ርካሽ ነው፦ ክንድ የማይሞላ፣ ናፍጣ የሚችል፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ። ፖምፓው መግቢያ ላይ በመስመሩ መሃል ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣው ጥርት ብሎ ከፈሰሰ መልካም ነው፤ አረፋ እየተከታተለ ካለፈ አየር እየገባ ነው። ጥቂት ደቃቅ አረፋ መነሻ ላይ ታይቶ ቢጠፋ አያስደነግጥም።

ሁለተኛው ፍተሻ ጀሪካን ነው። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ በደንብ ታስሮ፣ ከፖምፓው መግቢያ አጭር አዲስ ቱቦ ወደ እሱ ይዘረጋል። የመመለሻው ቱቦም እዚያው ይገባል፤ ይህ ከተረሳ ጀሪካኑ ቶሎ ያልቃል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ ባይቀጣጠልም ቱቦውም ጀሪካኑም ከጋለ የጭስ ማውጫ መራቅ አለባቸው። መኪናው በዚህ ሁኔታ ያንን ዳገት ያለ ችግር ከወጣ ፖምፓው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ በታንኩና በፖምፓው መካከል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያየው ይህንኑ ነው። ወጣቱ ሹፌር ፖምፓውን ሌላ ቦታ አሳድሶ፣ ያው በሽታ ሲመለስበት ተስፋ ቆርጦ ነበር። «ጋሼ፣ ሞተር ልቀይር ወይ?» አለ። ሽማግሌው መካኒክ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ከጀሪካን እናጠጣው» ብለው ከጎኑ ተቀመጡና ዳገቱን ወጥተው ተመለሱ። መኪናው አልደከመም። የተቀየረው ከታንኩ በላይ ያለ፣ ከስንዝር የማይረዝም የጎማ ቱቦ ነበር።

ቱቦው ጤነኛ ከሆነ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ታንኩ ነው። ናፍጣ ሲወጣ ቦታውን የሚተካ አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ ግፊቱ እየወረደ ይሄድና ሞተሩ ከረዥም ጉዞ በኋላ ይራባል፤ ሲቆም አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል፣ መኪናው «ይድናል»። መኪናው በደከመበት ቅጽበት ክዳኑን ሲከፍቱ አየር እያፏጨ ከገባ ምርመራው አልቋል። ክዳን ጠፍቶ በፌስታልና በጨርቅ የሚወተፍ ታንክስ? ብጣሹ ውስጥ ይወድቃል፣ ፖምፓው ሲስብ መምጠጫው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ተመልሶ ይሰምጣል። የክዳን መግዣውን የቆጠበ ሰው የዳገት ላይ መቆምን ገዝቷል።

ቆመው ለሚከርሙት የመኝታ ቫኖች ደግሞ ጠላቱ ውኃ ነው። ባልሞላ ታንክ ውስጥ እርጥበት ጠብታ ይሆናል፣ ከሥር ይተኛል፤ በውኃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይራባሉ፣ ዝቃጫቸው ፊልትሮውን ይደፍናል። ከመክረም በፊት ታንክ መሙላት፣ ከፊልትሮው ሥር ውኃ ማፍሰስ ጥሩ መከላከያ ነው።

ኮምፒውተር ያላቸው አዲሶቹ ቫኖች በሽታውን በሌላ መልክ ያሳዩታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 ወደ ቤት መኪና የገባው ኮመን ሬይል ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ አምቆ ይይዛል። ግፊቱ ከታዘዘው ሲያንስ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ቁልፍ ዘግተው ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሚነበበው ኮድ ግፊት ማነሱን ይናገራል እንጂ ለምን እንዳነሰ አይናገርም፤ መልሱ እዚህም የተደፈነ ፊልትሮ ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ናፍጣውን በሚረጨው በእያንዳንዱ ኖዝል መመለሻ ላይ ትንሽ ጠርሙስ ይሰቀላል፤ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞላው ጠርሙስ ያለቀውን ኖዝል ያሳያል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦ ፈትቶ መሞከር ፈጽሞ ክልክል ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።