አምሃ ሪከርድስ፤ ስለ አንድ የሸክላ አሳታሚ ቤት አጭር ዕድሜ

በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ስለ ነበረው ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከድምፃውያኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ከነጋዴው መጀመርን መርጠናል። ድምፃውያኑ ያን ጊዜ እንዴት ይዘፍኑ እንደ ነበር ዛሬ በጆሮአችን ሰምተን ልንፈርድ የምንችለው፥ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ኃላፊነቱ ሸክላ ያሳተመ ሰው ስለ ተገኘ ነውና። ይህ ሰው አቶ አምሃ እሸቴ፥ ድርጅታቸውም አምሃ ሪከርድስ ይባላል። የድርጅቱ ዕድሜ ከ1969 እስከ 1975 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሸክላዎቹ ዝርዝር በዚያ አቆጣጠር የተመዘገበ ስለ ሆነ፥ ወሩ ሳይታወቅ ወደ እኛ ዘመን መመለሱ ስሕተት ያስከትላል።)

አስቀድሞ ስለ ሕጉ መናገር ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ፥ ሸክላ ከውጭ አገር የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በ1935 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዋዜማ የተቋቋመ፥ ለቴአትርና ለባህል ሙዚቃ ብዙ የደከመ ድርጅት ነው። እንዲህ ያለውን ብቸኛ መብት ለአንድ የባህል ድርጅት መስጠት በራሱ የሚነቀፍ አይመስለንም፤ ገቢው ለቴአትር ሥራ ሊውል፥ የሚታተመውም ሊመረጥ ይቻል ነበር። ችግሩ የመጣው መብቱ ሥራ ላይ ሳይውል በመቀመጡ ነው። የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ስማቸው በገነነበት ጊዜ፥ ሕዝቡ ዘፈናቸውን በመድረክና በሬድዮ ይሰማ ነበር እንጂ በሸክላ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚያስገባው እጅግ ጥቂት ነበር። የተፈቀደለት እንደሚገባው አይሠራም፤ ልሥራ የሚለውም አይፈቀድለትም። ባለመብቱ ያልተጠቀመበት ብቸኛ መብት ሌላውን ሰው እስከ ምን ድረስ ሊያግድ እንደሚገባ የሕግ ተማሪዎች ቢመረምሩት መልካም ነው፤ እኛ የምንተርከው በተግባር የሆነውን ብቻ ነው።

አቶ አምሃ በ1969 ዓ.ም. ገና በ20ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ወጣት ነበሩ። ሐራምቤ የተባለ የሙዚቃ መደብር ከፍተው የውጭ አገር ሸክላ ይሸጡ ስለ ነበር፥ ገዢው ምን እንደሚፈልግ ከማንም ይልቅ በቅርብ ያዩ ነበር። የራሱን አገር ዘፋኝ በሬድዮ የሚወድ ሕዝብ በመደብሩ የሚያገኘው የባዕድ አገር ሙዚቃ መሆኑ የንግድ ዓይን ላለው ሰው ግልጽ ነገር ነው። ድንጋጌው መኖሩን አላጡትም። ኋላ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ የመለሱት መልስ ፍሬ ነገሩ፥ ለዚህ ሲባል የሚገድላቸው እንደሌለ፥ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ ሊታሰሩ እንደሚችሉ አስበው መጀመራቸው ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። ድርጅቱ ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል መሥራቱን ስናይ፥ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቢኖርም ጉልበቱ ማለቁን እንረዳለን።

አንድ ሸክላ እንዴት እንደሚወለድ ጥቂት እናስረዳ፤ የድርጅቱ ድካም የሚታወቀው በዚህ ነውና። ዘፈኑ በመጀመሪያ በቴፕ ይቀረፃል። ያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ ዛሬ እንደሚደረገው የእያንዳንዱን ተጫዋች ድምፅ ለየብቻ ቀርፆ ኋላ ለማስተካከል አያመችም፤ ስለዚህ ድምፃዊውና ባንዱ በአንድነት ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታሉ፤ አንዱ ቢሳሳት የሁሉም ድካም እንደ ገና ይጀመራል። ከዚያ ከቴፑ ላይ ድምፁ በጠመዝማዛ መሥመር ወደሚቀረፅበት ዝርግ ነገር ይዛወርና ከእርሱ የብረት ማተሚያ ይወጣል፤ በዚህ ማተሚያ የጋለ ፕላስቲክ እየተጨመቀ ሸክላው ይሠራል። በአገራችን እንዲህ ያለ ፋብሪካ ስላልነበረ ቴፑ ወደ ውጭ ይላካል፤ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፥ ኋላም ወደ ሊባኖስ። ነጋዴው ለዘፋኙ፥ ለባንዱ፥ ለፋብሪካው፥ ለማጓጓዣውና ለጉምሩክ ከከፈለ በኋላ ነው የመጀመሪያው ገዢ ወደ መደብሩ የሚገባው። ዘፈኑ ሳይወደድ ቢቀር የታተመው ሁሉ በእጁ ይቀራል። «ሸክላ» የሚለው ስም እንኳ፥ የጥንቱ የግራሞፎን ሳሕን እንደ ገል የሚሰበር ከመሆኑ የመጣ ይመስላል፤ የማይሰበረው ፕላስቲክ ከመጣም በኋላ ስሙ ሳይለወጥ ቆይቷል።

ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። በአዝማሪ ቤት እንደ አድማጩ ስሜት እየረዘመ የሚሄድ ዘፈን በዚህ ልክ መቆረጥ ነበረበት። መግቢያውን የሚያሳጥር፥ ነፋስ መሣሪያዎቹ የሚገቡበትን ቦታ የሚወስን አቀናባሪ እንዲፈለግ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። በአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ላይ የግርማ በየነና የሙላቱ አስታጥቄ ስም በአቀናባሪነት የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሕሙድ አሕመድና ሙሉቀን መለሰም በመጀመሪያ ሸክላ ያስቀረፁት በዚሁ ድርጅት ነው።

ይሁን እንጂ የአንዳንድ ጸሐፊዎችን አስተያየት ሳንቀበለው እናልፋለን። አቶ አምሃን የዘመናዊው ሙዚቃ ፈጣሪ አድርጎ መቍጠር ማጋነን ነው። ሙዚቀኞቹን ያስተማረው ነጋዴ አይደለም። በ1924 ዓ.ም. አርባው የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም ከመጡ ጀምሮ፥ እነ ኬቮርክና ኔርሲስ ናልባንዲያን ለብዙ ዓመታት ባስተማሩት ትምህርት፥ በመንግሥት ደመወዝ፥ በመንግሥት መሣሪያ የተዘጋጁ ተጫዋቾች ነበሩ። ድምፃውያኑም ብዙዎቹ የወታደር ወይም የፖሊስ ደንብ ልብስ የለበሱ ነበሩ። አምሃ ሪከርድስ ሌላው ባዘራው እርሻ አጫጅ ሆነ ቢባል ከእውነት አይርቅም። ነገር ግን በወቅቱ ያልታጨደ አዝመራ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት በመድረክ የተጫወቱትና ያልተቀረፁት ዘፈኖች ዛሬ ከየት ይገኛሉ?

ድርጅቱ ያሳተመው 103 ትንንሽ ሸክላና ወደ 12 የሚሆን ትልቅ ሸክላ ነው። በ1969ና በ1978 ዓ.ም. መካከል በኢትዮጵያ የወጡት በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽና ወደ 30 የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች ናቸው ስለሚባል፥ ከትንንሾቹ አምስተኛው ያህል፥ ከትልልቆቹም ከሲሶ የሚበልጠው የእርሱ ሥራ ነው። መንገዱ መከፈቱን ያዩት ሌሎችም ተከተሉ። ፊሊፕስ፥ ኋላም የአቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ወደ ገበያው ገቡ።

የድርጅቱ ፍጻሜ ግን ከተፎካካሪ የመጣ አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ያሳተመው የሙላቱ አስታጥቄ ትልቅ ሸክላ «የካቲት» ይባላል፤ ስሙም የአብዮቱ መጀመሪያ የሆነው ወር ነው። ወዲያው የሰዓት እላፊ ታወጀ። ለማታ ሙዚቃ የሰዓት እላፊ ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ክበቡ ከተዘጋ ባንዱ ይበተናል፤ ባንዱ ከተበተነ የሚቀረፅ የለም። በ1975 ዓ.ም. በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። አቶ አምሃም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በዋሽንግተን ከተማ ምግብ ቤትና የማታ ክበብ ከፍተው ብዙ ዓመት ኖሩ። በአገር ቤት ሸክላውን ካሴት ተካው። ካሴት በርካሽ ይሸጣል፥ በየቤቱም ይገለበጣል፤ ለአድማጩ በረከት፥ ለአሳታሚው ግን ኪሳራ ነው።

አቶ አምሃ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1990ዎቹ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉ ፈረንሳዊ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ አሳታሚ ቤት በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ሲያወጡ፥ የመጀመሪያዎቹ ጥራዞች በብዛት የተመሠረቱት በአምሃ ሪከርድስ ቅጂዎች ላይ ነው። አራተኛው ጥራዝ የሙላቱ ሥራ ሲሆን፥ ከእርሱ የተወሰዱ ዜማዎች በ2005 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከተሰሙ በኋላ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ ለይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሙዚቃዋን ይጠይቅ ጀመር። በ1948ቱ ድንጋጌ መሠረት ከሄድን፥ እነዚህ ቅጂዎች ከመጀመሪያው መኖር የማይገባቸው ነበሩ።

አቶ አምሃ እሸቴ ያረፉት በሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ነው። ድምፁ በመጀመሪያው ሸክላ የተቀረፀው ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መግቢያ ተከተላቸው።