ረግረግ የውሃ ጎተራ ነው

ገበሬ የበጋውን እህል ለክረምት በጎተራ ያስቀምጣል። ረግረግ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያስቀምጣል። በበጋ ጥቂት በጥቂት ለምንጭና ለወንዝ ይሰጣል።

በከፋ ብዙ ረግረግ አለ። በቦንጋ አካባቢ ያለው አለምጎኖ አንዱ ነው። በጎጀብ ወንዝ ዳርም ሰፊ ረግረግ አለ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የከፋን ምድር ከነደኑና ከነረግረጉ በዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ውሃ በተኛበት ቦታ ቄጤማ ይበቅላል። በጎጀብ ዳር ዘንባባም አለ። ቄጤማው ሲሞት ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ውሃው አየር ስለሚከለክለው ቶሎ አይበሰብስም። በብዙ ዘመን ተከምሮ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል። ይህ አፈር እንደ ጥጥ ውሃ ይመጥጣል።

ቦይ ቆፍረን ውሃውን ብናፈስሰውስ? አየር ይገባል። አፈሩ ይበሰብሳል፤ መሬቱም ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ ያምር ይሆናል። ኋላ ግን አፈሩ ይደክማል፤ ምንጩም ሊነጥፍ ይችላል። ያን ጊዜ እናቶች እንስራ ተሸክመው ሩቅ ይሄዳሉ።

መሬት ያነሰው ሰው ረግረጉን ቢመኝ አይፈረድበትም። ልጆቹን ማብላት አለበት። ስለዚህ የሚታረሰው ዳር የቱ ድረስ እንደሆነ ተሰብስበን እንወስን። መሃሉን ግን በቦይ አንቅደደው። በዳሩ ባሕር ዛፍ አንትከል፤ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ቄጤማውን በየተራ እንጨድ፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ አንጨርሰው። ጭቃ በሆነ ጊዜ ከብቱን እናርቅ።

ይህን ያነበባችሁ፣ ማንበብ ላልጀመረው ጎረቤት አንብቡለት። ምንጩ የእሱም ነውና።