መልቀቂያ የሌላቸው ልጆች

ቦሌ አካባቢ አርማታ የሚሸከም፣ ከዋግ ደሃና የመጣ አንድ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ ስለ ሰፈሩ የነዋሪዎች ስብሰባ ሲወራ ሰምቶ ሳቀ። «ስብሰባ የሚጠራው በቤት ቁጥር ነው። እኔ ቤት የለኝ፣ ቁጥር የለኝ፤ ማን ብለው ይጠሩኛል?» የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለመራጭነትም ቢሆን ጥያቄው ያው ነው። ሕጉን ላየው ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዕድሜው 18 የሞላና በምርጫ ክልሉ 6 ወር የኖረ ዜጋ በመራጭነት ይመዝገብ ይላል። መኖሩን ማስረዳት ላይ ግን ጣጣው ይጀምራል። ብዙ ጊዜ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ከአገር ቤት ቀበሌ መልቀቂያ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያም ቢሆን ማንነትን እንጂ ነዋሪነትን አይመሰክርም።

«እሺ፣ መልቀቂያውን አመጣሁ እንበል» ይላል ወጣቱ። «በማን ቤት ላይ ልመዝገብ? አምስት ሆነን ነው የምናድረው። አከራያችን ስማችንን እንኳ አይጠይቅም፤ ኪራዩን ብቻ።»

አንድ የወረዳ ኃላፊ በጉዳዩ ላይ ሲጠየቁ «በደብዳቤ ጠይቁ» አሉ። ደብዳቤው ከደረሳቸው ወዲህ ስልካቸው አይነሳም።

ከዋግ መሰደድ የትናንት ነገር አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ የዋግ ሰው ወደ ኮረም ጎርፏል፤ ደርግም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ጋምቤላና ኢሉባቦር አስፍሯል። ሰፈራው ግፍ የበዛበት ነበር፤ ሆኖም ሰፋሪው በመዝገብ ገብቶ ነው የሄደው። የዛሬው ልጅ በራሱ መላ ይወጣል፦ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ፣ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ።

ከተማ የገባ ስደተኛ ተደራጅቶ ታሪክ መሥራቱም አዲስ አይደለም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ እያዋጡ አገራቸውን በመንገድ አገናኝተዋል። እርግጥ ከእነሱ መካከል ሱቅ ያለው ነጋዴ ብዙ ነበር።

የደሃና ልጆች ያላቸው እቁብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ካቦው ሒሳብ ሲዘጋ፣ ፌሮ ክምር ላይ ተቀምጠው ይጥላሉ። ዳኛና ጸሐፊ የሚመርጡት እጅ አውጥተው ነው፤ የታመመ ያሳክማሉ፣ የሞተ ሲኖር አስከሬኑን አገሩ ያስገባሉ። ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ብሎ የሚተረጉመው የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ተሳትፎ የሚለው ከዚህ ወዲያ ምን ሊሆን ነው? በየቢሮው ሪፖርት ላይ ግን ይህ አይቆጠርም።

ጣጣው ምርጫ ላይ ብቻ አይቆምም፦ ያለ መታወቂያ በማኅበር ተደራጅቶ የመሥሪያ ቦታ ማግኘት የለም፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን የለም።

የእቁቡ ጸሐፊ የአባላቱን ስም ዝርዝር ይዞ ወረዳ ሄዶ ነበር። መዝገብ ቤት «ማኅተም የለውም» ብለው መለሱት። ለማኅተም አዋጡ። ማኅተም ቀራጩ የፈቃድ ደብዳቤ ጠየቃቸው፤ ከዚያው ከወረዳው።