የአዞ ሥጋ በሉዊዚያና ማዕድ



የአዞ ነገር ሲነሣ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጫሞ ሐይቅ ዳርቻ፣ ያ «የአዞ ገበያ» የሚባለው ስፍራ ነው። ስሙ ገበያ ይሁን እንጂ እዚያ የሚሸጥም የሚገዛም የለም፤ አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ይወጣሉ፣ ሰውም በጀልባ ሆኖ ያያቸዋል። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ በተለይ በሉዊዚያና ግን ገበያው እውነተኛ ገበያ ነው። የአዞው ጎድን፣ እግሩ ከነአጥንቱ፣ ጅራቱም ተቆራርጦ በበረዶ ከደረቀ በኋላ በጥቅል ይሸጣል። በዚያ አካባቢና በጎረቤቱ በቴክሳስ የሚኖሩ ወገኖች ስላሉን ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሥራ ባልደረባ ቤት ሲጋበዙ፣ ልጅ ወደ ጓደኛው ልደት ሲሄድ፣ ወይም ባልና ሚስት ከማቀዝቀዣው ፊት ቆመው አንዱ «የውሃ እንስሳ ነው» ሌላው «የለም፣ አውሬ ነው» ሲባባሉ ጥያቄው ይነሣል።

እንስሳው አሊጌተር ይባላል። ከእኛ አገር አዞ ጋር የሥጋ ዘመድ ቢሆንም አፉ ሰፋ፣ ድፍን ያለ ነው፤ አፉን ሲገጥም የታች ጥርሶቹ አይታዩም። የሚኖረውም በአብዛኛው በጨው አልባ ውሃ፣ በረግረግና በወንዝ ነው። ለቆዳው ሲባል ያለ ልክ በመታደኑ ቁጥሩ ስለተመናመነ ሉዊዚያና በ1962 (እ.ኤ.አ.) አደኑን ዘጋች፤ በ1967 የአሜሪካ መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ አስገባው። በ1972 አደኑ በቁጥጥር ተከፈተ፤ በ1987 ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንዳገገመ ተገለጸ። ዛሬ ገበሬዎች እንቁላሉን ከረግረጉ ሰብስበው ያስፈለፍላሉ፤ ከሚያድጉት ጫጩቶችም የተወሰነውን ክፍል ወደ ተፈጥሮ ቦታቸው ይመልሳሉ። አላህ የፈጠረውን ሳያጠፉ መጠቀም ማለት ይህ ነው፤ በዚህ ነገር ሊመሰገኑ ይገባል።

ምግቡን ያሳወቁት ኬጁን የሚባሉት ሰዎች ናቸው። አያቶቻቸው አካዲያ በሚባለው በዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሰፈሩ ፈረንሳዮች ነበሩ። ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች ከመሬታቸው ነቅለው ስላባረሯቸው፣ ብዙዎቹ ከዓመታት መንከራተት በኋላ ሉዊዚያና ደረሱ። ስደተኛ ያገኘውን ይበላልና ረግረጉ የሰጣቸውን ሁሉ ወጥ አደረጉት። ይሁንና የድስቱ ባለቤት እነርሱ ብቻ አይደሉም። በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን ወደዚያ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን አብዛኞቹ ከሴኔጋምቢያ የመጡ ናቸው፤ በመካከላቸውም ሙስሊሞች ነበሩ። «ገምቦ» የሚባለው የአካባቢው ዝነኛ ወጥ ስሙን ያገኘው ባሚያ በአፍሪካ ቋንቋዎች ከሚጠራበት ቃል ነው። እናም በዚያ ማዕድ ላይ የእስልምና ልጆች እጅ ጥንትም ነበረበት።

ዑለሞች ምን አሉ?

ልዩነቱ የመጣው ሁለት ማስረጃዎች በአንድ እንስሳ ላይ ስለተገናኙ ነው። በአንድ በኩል ሱረቱል ማኢዳ በ96ኛው አንቀጹ የባሕር አደንን ይፈቅዳል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ባሕር ሲጠየቁ ውሃው ንጹሕ፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን ገልጸዋል። በሌላ በኩል በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ክራንቻ ያለውን አውሬ መብላት ከልክለዋል። አዞ በውሃ ይኖራል፤ ክራንቻም አለው፤ በክራንቻውም ያድናል።

ማሊኪዮች የመጀመሪያውን ማስረጃ በስፋት ወስደው የውሃ እንስሳ ሁሉ ይበላል ይላሉ። ሐነፊዮች ከውሃ እንስሳ የሚፈቅዱት ዓሣን ብቻ ስለሆነ አዞ አይበላም። በሻፊዒዮች ዘንድ ኢማም ነወዊ ትክክለኛ ያሉት አቋም ክልክል ነው የሚለው ነው። ኢብን ቁዳማ በአል-ሙግኒ እንዳሰፈሩት ኢማም አሕመድ የባሕሩን ሲፈቅዱ እንቁራሪትንና አዞን ነጥለው አውጥተዋል። በዘመናችን የሳዑዲ ዓረቢያ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴ ሁለቱንም አቋም ጠቅሶ ይበላል የሚለውን አመዝኗል። የእርድ ጥያቄም አለ፤ በሐንበሊዮች መርሕ በየብስም የሚኖር የውሃ እንስሳ ያለ እርድ አይፈቀድም። የሉዊዚያና የዱር አዞ ደግሞ በመንጠቆ ተይዞ በጥይት ነው የሚገደለው።

በአገራችን ሻፊዒና ሐነፊ የሚበዙ እንደመሆናቸው ለአብዛኞቹ ቤተሰቦቻችን መልሱ ከቤት ያለ ነው፤ መተው። የእኔም ምርጫ ይኸው ነው። ሆኖም ዓሊም ጠይቆ የፈቃዱን አቋም የያዘ ወንድም ቢኖር ሐራም በላ ብሎ ማነወር አይገባም። ለዚህ የሚሆን አዳብ ከሱንና እናገኛለን። በእናታችን በመይሙና ቤት የተጠበሰ የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐራም እንደሆነ ሲጠየቁ አይደለም፣ በአገሬ የሌለ ስለሆነ አይስማማኝም የሚል መልስ ሰጡ፤ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም እርሳቸው እያዩ በላው። ይህ አዞን ሐላል የሚያደርግ ማስረጃ አይደለም። ሆኖም በአንድ ማዕድ አንዱ እየበላ ሌላው እየተወ በሰላም መቀመጥ እንደሚቻል ያስተምራል። ወላሁ አዕለም።

በነገራችን ላይ ጥያቄው የሙስሊሞች ብቻ አይደለም። ካቶሊኮች በጾማቸው ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የኒው ኦርሊንሱ ሊቀ ጳጳስ ግሪጎሪ አይመንድ ተጠይቀው አዞ ከዓሣ ወገን ይቆጠራል ብለው በደብዳቤ መልሰዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዑለሞች ያልተለያዩበት ነገር ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አዞው ስንከራከር ቋሊማው ሳይታይ ያልፋል። አንዱዊ፣ ታሶና ቡዳን የሚባሉት የኬጁን ቋሊማዎችና የተጨሱ ሥጋዎች በተለምዶ ከአሳማ የሚሠሩ ናቸው፤ በባቄላውም፣ በሩዙም፣ በገምቦውም ይገባሉ። መጥበሻ ዘይቱ የአሳማ ሞራ ሊሆን ይችላል፤ የመንከሪያው ሊጥም አንዳንዴ በቢራ ይለወሳል። ልጆቻችንን «አዞ አትብላ» ብቻ ብለን መላክ አይበቃም፤ «በውስጡ ምን አለ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅን እናስተምራቸው። ጋባዦቹ ባለማወቅ ያቀርባሉ እንጂ ሲጠየቁ አይቀየሙም።

ሞያውን ከነአጥንቱ እንውሰድ

ኬጁኖች የአዞን ሥጋ እንዴት ይሠሩታል? ጅራቱ ነጭና ለስላሳ ስለሆነ ተቆራርጦ ይጠበሳል። እግርና ጎድን ጠንካራ ስለሆነ ከነአጥንቱ በወጥ ይቀቀላል። ደስ የማይል ጣዕም ስለሚያመጣ ጮማው ተገፍፎ ይጣላል፤ ሥጋውም ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ወጡ «ሶስ ፒካንት» ይባላል፤ እኛም በሐላል የፍየል ወይም የዶሮ ሥጋ ከነአጥንቱ ብንሠራው ጣዕሙ የሚያሳፍር አይደለም።

ለአንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ ግማሽ ኩባያ ዘይትና ግማሽ ኩባያ የፉርኖ ዱቄት ይበቃል። ሥጋውን ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ሚጥሚጣ አሽቶ በዘይት ማገርጣትና ማውጣት። እዚያው ዘይት ላይ ዱቄቱን ጨምሮ በመካከለኛ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል። ዋናው ሞያ እዚህ ላይ ነው። በዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን በትዕግሥት እንደምናቁላላው ሁሉ፣ እነርሱም ዱቄቱን ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ያማስላሉ፤ ቀለሙ ከነጭ ወደ ወርቅማ፣ ከዚያም መቆላት እንደጀመረ ቡና ይሆናል። ጥቁር ነጠብጣብ ካሳየ አሯል፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው፣ ምሬቱን የሚያስተካክለው ነገር የለም። ትኩስ ዱቄቱ ቆዳ ላይ ከተፈናጠቀ ተጣብቆ ያቃጥላልና ልጆች ከምድጃው ይራቁ።

ቀለሙ ሲደርስ ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የፈረንጅ ቃሪያና ሁለት ዘንግ ሰለሪ በደቃቁ ከትፎ መጨመር። ሦስቱ የኬጁን ድስት መሠረት ናቸው፤ ዱቄቱንም ከማረር ያበርዱታል። ነጭ ሽንኩርት፣ አራት የተከተፉ ቲማቲሞችና ጦስኝ ይከተላሉ። ሥጋውን መልሶ አንድ ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፤ ከዚያም ከድኖ በዝግታ ማብሰል። ለዶሮ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለፍየል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አጥንቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በዝግታ ሲበስል መቅኑና ጅማቱ ወደ ወጡ ወርዶ ያወፍረዋል፣ ሥጋውም አይደርቅም።

በላዩ የሽንኩርት ቅጠል ተነስንሶ በነጭ ሩዝ ይቀርባል። በእንጀራ ይሁን የሚል ቢመጣ አልከለክልም፤ ሩዙ ግን መረቁን ይበልጥ ይጠጣል። ቢተርፍም በማግሥቱ ሲሞቅ ይጣፍጣል።