ለጉሎ የሐር ትል እርባታ አስቀድሞ መዘጋጀት ስላለባቸው ነገሮችና ስለ ዘር እንቁላል

የሐር ትል ለማርባት ያሰቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት እንቁላል ከየት እንደሚገኝ ነው። እኛ ግን እንቁላል በመጨረሻ መምጣት አለበት እንላለን። እንቁላሉ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ትል ቅጠል እስኪደርስለት አይጠብቅም።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጉሎ ነው። በየጓሮውና በየመንገዱ ዳር ስለሚበቅል የማያልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአንዲት እናት የሚገኙ 300 ያህል ትሎች ጎጆ እስኪሠሩ ድረስ ወደ 10 ኪሎ ግራም ቅጠል ይፈጃሉ። ማኅበሩ የ50 እናቶች እንቁላል ከወሰደ 5 ኩንታል ቅጠል ሊያገኝ ይገባዋል ማለት ነው። ከዚህም አብዛኛው የሚበላው ትሉ አራተኛ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ትሎቹ በእፍኝ ቅጠል ሲጠግቡ ያየ አባል በዚህ መታለል የለበትም። የጉሎ ፍሬ መርዛም ስለሆነ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይደርሱበት ማድረግ ያስፈልጋል።

ቤቱና ዕቃው

ቤቱ ነፋስ የሚያገኝ፣ ጢስ የማይገባበትና ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ዕቃው ከመንደር አይጠፋም፦ ሰፌድ፣ የቀርከሃ መደርደሪያ፣ ቅጠል መክተፊያ ቢላዋ፣ ትንንሾቹን ትሎች ለማንሣት ለስላሳ የዶሮ ላባ። ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያው እግሮች ውኃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ይቁሙ። ቤቱና ሰፌዱ ትሉ ከመግባቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በበረኪና ታጥበው በደንብ ይድረቁ።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የሐር ትልም ነፍሳት ነው፤ ትንኝን የሚገድል መድኃኒት እሱንም ይገድለዋል። በወባ መከላከያ መድኃኒት የተረጨ ቤት ለእርባታ አይሆንም። ዝንብ ለመከላከል ተብሎ መድኃኒት የተነከረ አጎበር በሰፌዱ ላይ መሸፈንም ትሉን በገዛ እጅ መፍጀት ነው። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት የጥጥ ወይም የአትክልት ማሳ አጠገብ የተቆረጠ ቅጠልም እንዲሁ ነው።

የጉሎ ሐር ትል ጎጆ በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ የእሳት እራቷ ክሩን ሳትቆርጥ ትወጣለች። ባዶው ጎጆ በሳሙና ውኃ ተቀቅሎ ሙጫው ከለቀቀ በኋላ እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል። ጥጥ የምትፈትል እናት ለዚህ ብዙ ትምህርት አያስፈልጋትም።

የዘር እንቁላል

ማኅበራትን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ፔብሪን የተባለው በሽታ ነው። ከእናት ወደ እንቁላል ስለሚተላለፍ የታመመውን እንቁላል ከጤነኛው በዓይን መለየት አይቻልም። ትሎቹ እኩል አያድጉም፤ ቆዳቸው የቁንዶ በርበሬ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ቅጠሉም ድካሙም ባክኗል። መከላከያውን ያገኘው ሉዊ ፓስተር ነው፤ ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በደቡብ ፈረንሣይ በሾላ ቅጠል የሚመገበውን ትል ሲመረምር። ዘዴው እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ትጥላለች፤ ጥላ ስትጨርስ ሆዷ በጥቂት ውኃ ተደፍጥጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የበሽታው ተዋሲያን ከተገኘባት የጣለችው እንቁላል በሙሉ ይቃጠላል።

በመንደር ማይክሮስኮፕ የለም። ስለዚህ እንቁላል መወሰድ ያለበት ምርመራው ከሚደረግበት ቦታ ብቻ ነው፤ በአገራችን የሐር ምርምር ከሚካሄድባቸው አንዱ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ስለሆነ የልማት ሠራተኛው እዚያ ጠይቆ ሊረዳ ይችላል። የጤፍ ዘር ለጎረቤት ማካፈል የቆየ ደግነት ነው፤ ሳይመረመር የተረፈ የሐር እንቁላል ለጎረቤት ማኅበር መስጠት ግን በሽታ ማካፈል ሊሆን ይችላል። ለመከልከል የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም እንዳይደረግ እንመክራለን። የበሽታው ምልክት የታየበት ቤት ትሉንና ኩሱን አቃጥሎ፣ ዕቃውን አጥቦ፣ አዲስ ከተመረመረ እንቁላል ይጀምር።

እንቁላሉ አየር በሚያስገባ ካርቶን፣ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ይጓጓዝ፤ ከትምባሆና ከፀረ ተባይ ጋር በአንድ መኪና አይጫን። እንደደረሰ በንጹሕ ወረቀት ላይ ሣሣ ብሎ በጥላ ቦታ ይቀመጥ። ነጩ እንቁላል ሲጠቁር በማግሥቱ ጠዋት ስለሚፈለፈል በዋዜማው ለጋ የጉሎ ቅጠል ተቆርጦ ይዘጋጅ።